ሣር ወይስ ቆርቆሮ?

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበት። ይህን መንገድ በማለዳ የተጓዘ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ፀሐይ ወጣ ስትል በየጉብታው ላይ የቆርቆሮው ጣራ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ በመካከሉም ሣር ክዳኑ ጎጆ እንደ ከረመ የድርቆሽ ክምር ጠቁሮ ይታያል። አንድ ቀን በአውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ገበሬ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ያ ልጁ አስተማሪ የሆነለት ነው፤ ያኛው ልጁ ዓረብ አገር የሄደችለት ነው፤ ያ ደግሞ ነጋዴ ነው» እያሉ የየቤቱን ታሪክ በጣራው ነገሩኝ። ሣር ክዳኑ ዘንድ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ አስተማሪ ነኝና፣ የእናቴም ቤት ሣር ክዳን ነበረና።

እንደ እኔ ከገጠር ወጥቶ የወር ደመወዝ የሚቀበል፣ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ነገ የሚቀበል ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። «የወላጆቼን ቤት ቆርቆሮ ላልብስ» ማለት በአፍ ቀላል ነው። እኔም ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ የጣራውን ስፋት ለክቼ፣ በቆርቆሮው ስፋት አካፍዬ፣ በዋጋው አባዝቼ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ እናቴ ዘንድ ወጣሁ። ቤታችን ከዳባት ወጣ ብሎ ከአንድ ጉብታ ላይ ነው፤ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ክብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሜትር ስፋት ያለው ነው። በሁለተኛው ሌሊት ዝናቡ ከበረዶ ጋር ወረደ። እናቴ ኩራዟን ይዛ አጠገቤ ቆመችና «ተነሥ ልጄ፤ አልጋውን ወደ በሩ እንሳበው» አለችኝ። ወደ በሩ ሳብነው። ጥቂት ቆይቶ በዚያም አፈሰሰ፤ ወደ ምሶሶው መለስነው። እስኪነጋ ድረስ ሦስት ጊዜ ተዛወርን።

ሲነጋ ያየነው ግን ከዚህ የባሰ ነበር። በጎታው ውስጥ የቀረው ገብስ ውሃ ገብቶበት በቅሏል። እናቴ እጇን አስገብታ አንድ እፍኝ አወጣችና ነጫጭ ሥሩን አሳየችኝ። «ይኸ እስከ ኅዳር የሚያደርሰኝ ነበረ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔ ወዲያው «በቃ እማዬ፣ ቆርቆሮ እናለብሰዋለን» አልኳት። እርሷም ቀና ብላ አይታኝ «ምድጃዬንስ ወዴት ታደርጋታለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ያን ጊዜ አልገባኝም።

በሰፈራችን ክዳን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መሰላል ተክለው ወጡና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ወደ ሣሩ ውስጥ ሰደዱት። ሲያወጡት በእጃቸው የያዙት ሣር ሳይሆን እንደ ፍግ የጠቆረ ብስባሽ ነበር። ከላይ ሆነው «ቤቱ ጢስ ካጣ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። ሦስት ዓመት እንደሆነ ነገርኳቸው። እኔና እኅቴ ተማከርንና የእናታችን ዓይን በጢስ እንዳይጠፋ ብለን ምድጃውን ከቤት አስወጥተን በጓሮ በኩል ማድ ቤት ሠርተንላት ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ያፈሰሳችሁት እናንተ ናችኋ!» አሉ።

ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። ከምድጃ የሚነሣው ጢስና ሙቀት ሌሊትና ቀን በሣሩ ውስጥ እያለፈ ክዳኑን ያደርቀዋል፤ ጥላሸቱም ነቀዙንና ትሉን ያባርራል፤ ማገሩና ማሰሪያው ልጥም በጢስ ብዛት ይጠነክራል። እሳቱ ሲወጣ ግን ክረምት የጠጣው ሣር እስከ መስከረም ሳይደርቅ ይቆይና ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል። በእርሳቸው ግምት በደንብ የተከደነና ጢስ የሚያገኝ ቤት በየጊዜው እየተጠገነ 10 ዓመት ይቀመጣል፤ ጢስ የሌለው 4 ዓመትም አይሞላ። የእናቴ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ። ምድጃና ጣራ ለየብቻቸው የሚታሰቡ አልነበሩም፤ እኛ የዓይኗን ጉዳት አስበን የጣራዋን ዕድሜ አሳጠርን። ምድጃውን በማውጣታችን እስከ ዛሬ አልጸጸትም፤ ዓይን ከሣር ይበልጣልና። ጥፋታችን መስኮት መክፈት ሲገባን ምድጃ ማባረራችን ነው።

እንዲያው ነገሩን ካነሣን ዘንድ፣ ሣር ክዳን የድኻ ቤት ምልክት ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ጎንደርን አያውቃትም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንቡ በድንጋይና በኖራ ተሠራ፤ ከግንቡ ውጭ ያለው ከተማ ግን በሣር ሥር ነበር የሚኖረው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ አብዛኛው ቤት የጭቃ እንደነበረና ጣራውም እንደ ሞጣሞጥ ቆብ ሆኖ በሣር የተከደነ እንደነበረ ጽፎአል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ምስክር አለው፤ የመላእክቱ ፊት በረድፍ ከተሳለበት ከዚያ ከታወቀው ኮርኒስ በላይ ያለው ክዳን ሣር ነው። ያ ክዳን ቢያፈስ የሚጠፋው ምን እንደሆነ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በሌላ በኩል የሣር ክዳን ጠላት ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ እሳቱ ከቤት ወደ ቤት የሚዘልበት መሰላል ይኸው ሣር ነበር።

ቆርቆሮውስ? ባለ ቦዩን ብረት ሄንሪ ፓልመር የተባለ የለንደን መሐንዲስ የፈጠራ መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ጥበቡን ለማየት አንድ ወረቀት አንሥቶ እንደ ማራገቢያ ማጠፍ ይበቃል፤ ሳይታጠፍ የራሱን ክብደት የማይችለው ወረቀት ታጥፎ መጽሐፍ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1837 ደግሞ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በዚንክ የመንከር ዘዴ አወጣ። ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ዝገቱን ያዘገያል። ወደ አገራችን ቆርቆሮ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባሕር ወደብ ማምጣቱ ቀላል ሆነ። ወደ ወገራና ወደ ዳባት መንደሮች ግን ቆርቆሮው የወጣው ብዙ ቆይቶ፣ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለትምህርት ቤት፣ ከዚያ ደመወዝተኛ ልጅ ላለው ሰው ነው።

ወደ እናቴ ቤት ልመለስ። ሽማግሌው የሣሩን ነገር ሲያሰሉልኝ 60 ሸክም ያህል ያስፈልጋል አሉ። ጥሩው ሰንበሌጥ ከቆላው በኩል የሚመጣ ነው፤ ዱሮ ሣር ይታጨድበት የነበረው የመንደራችን ሜዳ ዛሬ ታርሷል፣ የቀረውም የከብት ግጦሽ ነው። ከደጋ ክዳን ሁሉ የሚመረጠው የስሜን ጓሳ ደግሞ ብዙው በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ስላለ እንደ ልብ አይታጨድም። ስለዚህ ሣር በነፃ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ ይገዛል፣ በአህያም ይጫናል። ጉልበቱስ በደቦ ነው ቢባል ደቦም ነፃ አይደለም። ሃያ ሰው ሁለት ቀን ሲከድን ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ የሚወጣው ከባለቤቱ ጎታ ነው፤ የእኛ ጎታ ደግሞ በቅሏል። ሁሉንም ስደምረው ሙሉ ክዳኑ የሁለት ወር ተኩል ደመወዜን የሚበላ ሆነ።

መስከረም ላይ ወደ ጎንደር ተመልሼ ጉዳዩን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ስሙን አልነገርኳቸውም እንጂ የእናቴ ቤት ነበር። ክብ ቤት፣ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ክዳኑ ዙሪያውን በ50 ሴንቲ ሜትር ከግድግዳው ወጣ ያለ፤ የጣራው ስፋት ስንት ነው? ሣር ውሃን ቶሎ እንዲያወርድ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በ45 ዲግሪ ቢሠራ 54 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል። ቆርቆሮ ግን ጋደም ቢልም ውሃ አያስገባም፤ ከፍታውን በግማሽ ብንቀንሰው 43 ካሬ ሜትር ይሆናል። ልጆቹ በትክክል ሠሩት። እኔም «እንግዲህ ቆርቆሮ ጣራውን ራሱን ያሳንሰዋል» ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለሁ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «መምህር፣ ቆርቆሮው አራት ማዕዘን ነው፤ ለክብ ጣራ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ሲቆረጥ ቦዮቹ ወዴት ይፈስሳሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ ደወሉ አዳነኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ አናጢ ነው። የቆርቆሮ ቦይ ከላይ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ወረቀቱ ሰያፍ ሲቆረጥ የአንዱ ቦይ ከሌላው ቦይ ጋር አይገጥምም፣ ውሃውም በመገጣጠሚያው ይገባል። ክብ አብያተ ክርስቲያናት በቆርቆሮ ተከድነው የምናየው ጣራው በብዙ ፊት ተከፋፍሎ፣ በየመጋጠሚያው ላይ ሌላ ክዳን ተደርቦ፣ ብዙ ቆርቆሮም ተቆርጦ እየተጣለ ነው። ይህን ለአንዲት ጎጆ ማድረግ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ የፈለገ ሰው ቤቱን ራሱን ማዕዘን ማድረግ አለበት። በገጠራችን ክብ ቤት እየጠፋ የሄደበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ጎጆ ማን ጠላ? ቆርቆሮው ክብ አላውቅም ስላለ ነው።

አናጢው ሌላም ነገር አስተማረኝ። እኔ የሠራሁት ንድፍ ወርዱ 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ነበር። አየውና «መምህር፣ ቆርቆሮውን ለቤቱ አትለካው፤ ቤቱን ለቆርቆሮው ለካው» አለኝ። የምንገዛው ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው፤ ሁለቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደራረቡ 3 ሜትር ከ80 ይሸፍናሉ። በእኔ ንድፍ ወራጁ 3 ሜትር ከ35 ስለሆነ በየረድፉ 45 ሴንቲ ሜትር በከንቱ ይቆረጣል። ወርዱን ወደ 5 ሜትር ከ80 ብናሰፋው ወራጁ ልክ 3 ሜትር ከ80 ይመጣል። በጎን ደግሞ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ተደራርቦ 70 ሴንቲ ሜትር ያለብሳል፤ ክዳኑ ከነጥላው 7 ሜትር ርዝመት ስላለው 10 ረድፍ ይሆናል። በሁለቱም ወገን 40 ቆርቆሮ፣ ለአናቱ 4 ኮልሞ። የቆርቆሮው ቁጥር ሳይጨምር እናቴ የ80 ሴንቲ ሜትር ቤት በትርፍ አገኘች ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው እኔ ነኝ።

ዋጋውን ብር በብር ብጽፈው ይህ ገጽ ሳይነበብ ያረጃል። ቆርቆሮ የሚሠራበት ጥቅል ብረት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ዋጋ መጠየቅ የጀመርኩት ልክ በዚያ ሰሞን ነበር፤ ቅዳሜ የጠየቅሁት ዋጋ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልነበረም። በዚያ ላይ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ የጭነቱ ዋጋ ይንራል። ስለዚህ ሁላችን በምናውቀው መለኪያ፣ ማለትም በወር ደመወዝ ልናገር። ቆርቆሮው ከነኮልሞውና ከነሚስማሩ የ4 ወር ደመወዜን ወሰደ። ለወራጅ፣ ለማገርና ለቋሚ የገዛነው ባሕር ዛፍ የ3 ወር። የግንበኛው፣ የአናጢው፣ የበሩና የመስኮቱ የ4 ወር። ጭነት የ1 ወር። በጠቅላላው የ12 ወር፣ ሳይበሉ፣ ሳይለብሱ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍሉ። ቆርቆሮ ለማልበስ ያሰበ ሰው ቆርቆሮው የወጪው ሢሶ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ደግሞ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ቆርቆሮ ቤቱ አናጢው እንዳለው 30 ዓመት ቢኖር በዓመት የአንድ ወር ደመወዝ አራት አሥረኛ ያወጣል። ጢስ የሚያገኘው ሣር ክዳን በ10 ዓመት ሁለት ወር ተኩል፣ በዓመት ሩብ ወር ብቻ። በሒሳብ ሣሩ አሸነፈ! ነገር ግን ሒሳቡ ሽማግሌው ከዳኝ ሲሞቱ ማን እንደሚከድን አይናገርም፤ ከእርሳቸው በታች ሙያውን የያዘ ወጣት በሰፈሩ የለም። የበቀለውንም ገብስ አይቈጥርም።

እኅቴ «አፍርሰነው በማዕዘን እንሥራው፤ ሰው ምን ይለናል» አለች። እናቴ አልተናገረችም፤ ምሶሶውን ብቻ ደገፍ ብላ ቆመች። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር ይህ ነው፦ ቆርቆሮ ቤቱ ከጎጆው አጠገብ ለእህሉና ለእንግዳ ይሠራ፤ ጎጆው የበሰበሰው የላይኛው ክዳኑ ተነሥቶ ይታደስ፤ ምድጃውም ወደ ጎጆው ይመለስ፤ የጢሱ ነገር በሁለት መስኮት ይዘየድ። የክዳኑ እድሳት በ60ው ሸክም ፈንታ በግማሹ አለቀ፣ የአንድ ወር ደመወዝም አልፈጀም። ወጪውን እኅቴ እኩል ተካፈለች፤ የእኔን ድርሻ የመምህራን እቁብ ሸፈነልኝ፣ ዕጣው በጊዜ ስለወጣልኝ።

ስለ ግዢው አንድ ምክር አለኝ። የቆርቆሮ ውፍረት የሚነገረው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይጠነክራል፤ ባለ 35ቱ ሰው ሲወጣበት የሚጎደጉድ ቀጭን ነው። ይህን በቃሌ እያወቅሁ ከአንድ ሱቅ የመጀመሪያዎቹን 10 ቆርቆሮዎች «ባለ 32 ነው» ተብዬ ገዛሁ። አናጢው ጫፉን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገውና እንደ ሊጥ ሲታጠፍለት ሳቀ። እነዚያ 10 ቆርቆሮዎች ዛሬ የእንጨት መጠለያ ሆነዋል።

ሥራው በየካቲት 2017 ዓ.ም. ተጀምሮ ከፋሲካ በኋላ አለቀ። ሚስማሩ ከቦዩ ጉድጓድ ሳይሆን ከጀርባው ላይ፣ ከነጎማው ተመታ፤ ከጉድጓዱ ላይ ቢመታ ውሃው የሚሄድበት ነውና ያፈሳል። ንፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ወገን ተጀምሮ ተነጠፈ፣ መደራረቢያው ጀርባውን ለንፋስ እንዲሰጥ። ወራጆቹ በሽቦ ከቋሚዎቹ ጋር ታሠሩ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የዳባት ንፋስ ግን አይረሳውም። ቆርቆሮ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የሰው ትንፋሽ ከሥሩ ተጠራቅሞ ንጋት ላይ ይንጠባጠባል፤ እናቴ «የማያፈስ ብላችሁ የሚያልበው ሠራችሁልኝ» ብላ ሳቀችብን። ማዳበሪያ ከረጢት ተርትረን ሰፍተን ኮርኒስ አደረግንለት፤ ላቡ ቀነሰ።

ከአንደኛው ወገን አሸንዳ ሰቅለን ሁለት በርሜል አስቀምጠናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ በዚያ ወገን 24 ካሬ ሜትር ያህል ስላለን አንድ ደህና ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ የፈሰሰው ፈስሶ 400 ሊትር ይቀራል። ሁለቱም በርሜል ሞላ ማለት ነው። እናቴ ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ የምታጠፋውን ጊዜ ያየሁ ስለሆንኩ፣ ከቆርቆሮው ሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ሣር ክዳን ይህን አያደርግም፤ ከእርሱ የሚወርደው ውሃ እንደ ጠላ የጠቆረ ነው።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ እዚያው ነበርኩ። በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ተኝቼ የራሴን ድምፅ እንኳ መስማት አቃተኝ፤ መቶ ከበሮ ባንድ ጊዜ የሚመታ ይመስል ነበር። ኩታዬን ተከናንቤ ወደ ጎጆው ሮጥኩ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተኝታ ነበር፤ እዚያ ውስጥ በረዶው እንደ ሩቅ ወሬ ነው የሚሰማው። «ገብሱ እዚያ ይተኛ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። በነጋታው ጎታውን ከፍተን አየነው፤ ደረቅ ነበር።

በሌላው ወገን የሚሰቀለው አሸንዳ ገና ነው። እቁቡም አራት ወር ይቀረዋል።